ሟች የጎደለበት ትራጄዲ

[ደባርቅ፤ የቀበሌው አዳራሽ በር። በቴአትሩ ማግስት፣ ጠዋት። የቴአትሩ አዘጋጅ መምህር ክንዴ የእንጨት ጎራዴ ታቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ከጃናሞራ ለገበያ የመጡት ገበሬ አያ ይግዛው ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።]

ክንዴ፦ ቆይ፣ ማን ተነሡ አለዎት? ሦስት መቶ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ እርስዎን ብቻ ምን አስነሣዎት?

ይግዛው፦ ሦስት መቶ ሰው ቁጭ ብሎ ስላየማ ነው የተነሣሁት! ወንድም ወንድሙን ሊያርድ ዝም ይባላል?

ክንዴ፦ ቴአትር ነው፣ አያ ይግዛው! ትራጄዲ! ከጥንት ጀምሮ በየአገሩ ሲታይ የኖረ። ታላቅየው ለዙፋን ብሎ ታናሹን ይገድለዋል። በቃ፣ ያለቀለት ነገር ነው።

ይግዛው፦ ከጥንት ጀምሮ? አንድ ሽማግሌ ጠፋ?

ክንዴ፦ [ራሱን ይዞ] ሽማግሌ ካለበት ትራጄዲ አይሆንማ!

ይግዛው፦ እሱን ነው እኮ የምልህ።

ክንዴ፦ ሦስት ወር ተለማምደን! ገምጋሚው ጓድ ከጎንደር ድረስ መጥተው! ቢወዱልን ለክፍለ ሀገሩ ውድድር እናልፍ ነበር። ይኸው፣ ሳይሰናበቱኝ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። ሁሉም ነገር እንዴት አምሮበት ሲሄድ...

ይግዛው፦ የቱ ነው ያማረበት? ያ የዘይት ቆርቆሮ ዘውድ? ንጉሡ ባጎነበሰ ቁጥር ይወድቅ አልነበር?

ክንዴ፦ የዘውድ ሥርዓት መውደቁን ለማሳየት ነው!

ይግዛው፦ ንግሥቲቱስ? መርዝ ጠጥታ ከሞተች በኋላ ቁንጫ ነክሷት አከከች።

ክንዴ፦ እሱ... የነፍስ ጣር ነው።

ይግዛው፦ ጣሩ ብብቷ ሥር ነበር?

ክንዴ፦ ይሁን! የመጨረሻው ትዕይንት ሁሉንም ይክሰው ነበር። ታላቅየውን የሚጫወተው ቢራራ ጎራዴውን አነሣ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ታናሹን በሚጫወተው አንሙት ላይ ሊሰነዝር ሲል እርስዎ «በሕግ አምላክ!» ብለው አንባረቁ!

ይግዛው፦ ታዲያ ምን ላድርግ? የአንሙትን አባት አውቀዋለሁ። «ልጅህ ዓይኔ እያየ ታረደ» ልበለው?

ክንዴ፦ ቢራራስ ቢሆን! እጁን ሰቅሎ ቆሞ ቀረ። ከመጋረጃ ጀርባ «ሰንዝር!» ስለው «በሕግ ተይዣለሁ፣ መምህር» አይለኝም?

ይግዛው፦ የጨዋ ልጅ ነዋ! የጎንደሩ ጓድህ እንኳ ብዕራቸውን አየር ላይ ሰቅለው ቀሩ አይደል?

ክንዴ፦ ከዚያ አምስት ሽማግሌ ከየወንበሩ ተነሥቶ መድረኬ ላይ ወጣ! ዙፋኑን እንደ እርሻ በገመድ ለክታችሁ ለሁለት ከፈላችሁት!

ይግዛው፦ ለታላቅየው በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው ደረሰው። ተሳሳሙ። ሕዝቡም እልል አለ።

ክንዴ፦ በትራጄዲ እልል አይባልም! ኋላ ቀርነት! የተማረ ሰው በአንድ ቃል እጁን አይሰበስብም። እኔ ብሆን መቶ ጊዜ ቢጮኹብኝ አልቆምም ነበር!

ይግዛው፦ አንተ?

ክንዴ፦ እኔ! በሳይንስ ነው የማምነው!

ይግዛው፦ እንግዲህ አትቆጣኝ መምህር፤ ሰው ሲያወራ እንደሰማሁት፣ ከቴአትርህ ሁሉ ያማረው የኛ ሽምግልና ነው።

ክንዴ፦ [ብድግ ብሎ፣ ጎራዴውን ከራሱ በላይ አንሥቶ] ዛሬስ አልምርዎትም...!

ይግዛው፦ በሕግ አምላክ!

[ክንዴ እጁን እንደ ሰቀለ ደርቆ ይቆማል። ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው ቆም ቆም ይላል።]

ይግዛው፦ ሰንዝር እንጂ።

ክንዴ፦ [በሹክሹክታ] ይልቀቁኝ አያ ይግዛው፣ ሰው እያየ ነው... ተይዣለሁ።

ይግዛው፦ [ደረጃው ላይ ተመቻችተው እየተቀመጡ] እለቅሃለሁ። በል መጀመሪያ ሽማግሌ ጥራ።