የእርጥበት መለኪያው ከቁም ሣጥን የወጣበት ዜና

በ፳፻፲፰ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ አቶ ክንዱ በመካነ ኢየሱስ ዳርቻ ባለው ዱቄት ፋብሪካችን ላይ ሥራ አስኪያጅ ሆነው በተሾሙ በአራተኛው ዓመት፣ ትልቁ ወንፊት ተቀዶ በተሰፋ በሁለተኛው፣ ጥምቀት በዋለ ማግስት ጥር ፲፪ ቀን፣ ነጭ ጋዋን ለባሿ፣ ጆንያ ወጊዋ፣ የወገዳ ልጅ ወይዘሪት ባንቺዓለም ጓዴ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው በገቡ በሦስተኛው ወር የፈጸሙትን ገድል፣ እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው ደሳለኝ፣ ያየሁትን ሳልቀንስ የሰማሁትንም ጥቂት አሳምሬ እጽፋለሁ።

ወበውእቱ ዘመን፣ ማለትም በዚያን ጊዜ፣ የፋብሪካው ሕግ የጋሽ እንየው ጥርስ ነበረ። ስንዴ የጫነ መኪና በገባ ቁጥር ጋሽ እንየው፣ ሊቀ ተረካቢ፣ የአርባ ዓመት ገበሬና የዘጠኝ ዓመት ሠራተኛ፣ ከበርጩማቸው ሳይነሡ አንዲት ፍሬ ያስመጡና ይነክሳሉ፤ ቀጭ ካለች ደርቋል፣ ከተላመጠች አልደረቀም ይባላል፣ ከዚያም ወዲያ ይግባኝ የለም። የእርጥበት መለኪያ የሚባል መሣሪያ ተገዝቶ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው ገና በመጣበት ቀን አቶ ክንዱ «ይህ ውድ ዕቃ ነው፤ እንዳይበላሽ ማንም አይንካው» ብለው ስላወጁ፣ ፕላስቲኩ ሳይላጥ በቢሯቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ሦስት ዓመት በክብር ተቀመጠ። የቁጥጥር ቅጹ ግን በየቀኑ ሳይጎድል ይሞላ ነበር። የሞላሁትም እኔ ነኝ፤ ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብዬ እስከ ቅዳሜ ያለውን ሁሉ «ደርቋል» በሚለው ሥር ምልክት አደርግና ሳምንቱን በሰላም እውል ነበር።

በኅዳር ያለጊዜው የዘነበው ዝናብ አውድማ ላይ ያለውን ስንዴ መታው። ከዚህ በኋላ የደብረ ታቦር ዳቦ ጋጋሪዎች የሻገተ ዱቄት ደረሰን ብለው አንዴ መለሱ፣ ደግመውም መለሱ፣ ቀጥለውም ሦስተኛ ቢደገም ውላችን ይፈርሳል የሚል ደብዳቤ ላኩ። አቶ ክንዱም ውሉ የፈረሰ ዕለት ሁለተኛው ፈረቃ፣ አሥራ ስምንት ነፍስ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል ብለው በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፉ። ሰውም ሁሉ ወደ ባንቺዓለም ዞሮ፣ የጥራት ሰው ከመጣች ወዲህ ነው የተበላሸው ይል ጀመር። ይህ ግፍ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ወይዘሪት ባንቺዓለም ግን አልተከራከሩም። የእኔን ቅጽ አንድ ጊዜ አዩና ጎን አደረጉት፤ ከዘበኛዋ ከእማማ የሺ የበር መዝገብ ለምነው ሁለቱ የተመለሱ ጭነቶች ስንዴያቸው የገባበትን ቀን ፈለጉ። አንዱ ረቡዕ፣ አንዱ ዓርብ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ረቡዕ ነበረና ናሙና የሚመዝኑ መስለው ከጋሽ እንየው አጠገብ ቆሙ። ጋሽ እንየው ፍሬዋን በመዳፋቸው አሹ፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አንኳኩ፣ «ደርቋል» አሉ። ጥርሳቸው አልተነካም። ጾመኛ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል በአፉ አያስገባም፤ መኪናው ደግሞ የሚመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ባንቺዓለም ነገሩን ተረዱ፣ ለማንም ግን አልተናገሩም። ስለዚህ ዝምታቸው ብቻ እንኳ ዜና ሊጻፍላቸው ይገባ ነበር።

በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ በቁም ሣጥኑ ላይ ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ መካኒኩ ደምሌ ከነፒንሳው፣ እማማ የሺ ከነዱላቸው፣ ጆንያ የሚሰፉት ሁለት ሴቶች ከነመርፌያቸው፣ እኔም ከኋላ፣ ነገሩ ከተበላሸ ለመሸሽ በሚመች ስፍራ። የውሉ ነገር ያስፈራቸው አቶ ክንዱ ቁልፉን ፈልገው አጡት፤ ሦስት ዓመት ማንም አልፈለገውምና። ደምሌም ማጠፊያውን ፈትቶ በሩን አነሣው፣ ፕላስቲኩ ተላጠ፣ ባትሪ እንደሌለው ታወቀ፣ እማማ የሺም የሌሊት መብራታቸውን ባትሪ አውጥተው ሰጡ። መሣሪያው በራ። አቶ ክንዱ ፕላስቲኩን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ስለ ዕቃው አዘኑም።

ወዲያውም ባንቺዓለም የጻፉት ይህ አዋጅ በሰሌዳው ላይ ወጣ፦ «በዱቄት የነጣህ፣ ገለባ ያሳከከህ፣ ሁልህም አንብብ። ከነገ ጀምሮ ጋሽ እንየው ይነክሳሉ፣ መሣሪያው ይለካል፣ ሁለቱም ይጻፋል። ረቡዕና ዓርብ መሣሪያው ብቻውን ይመስክር፤ ጾም የሚያስገድፍ ሥራ በዚህ ግቢ የለም። እርጥበቱ በመቶ ከአሥራ ሦስት ተኩል በላይ የሆነ ስንዴ አይገባም። አልደረቀም ብሎ የጻፈ አይወቀስም።»

ሐሙስ ጥርሱና መሣሪያው በአምስት ጭነት ላይ ተስማሙ። ጋሽ እንየው ፈገግ አሉ፤ ሕዝቡም መሣሪያው ከጋሼ የተማረ ነው አለ። ዓርብ ጥር ፲፭ ቀን ግን ከወገዳ የመጣው መኪና የጋሽ እንየው ሚስት ወንድም የማሞ ስንዴ ነበረ። አዋጁ ቢያሳርፋቸውም ጋሽ እንየው እንደ ልማዳቸው አሹት፣ አንኳኩት፣ «ደርቋል» አሉ። ባንቺዓለም ጆንያ መውጊያውን እንደ ጦር አንሥተው እስከ መካከሉ ወጉ፣ ለኩ፣ አሥራ ስድስት ነጥብ ስምንት መጣ። ማሞ ባትሪው የሌሊት ነው፣ ቀን አይሠራም ብሎ ጮኸ። ግማሹ ሰው ከማሞ ጋር ቆመ። እዚህ ላይ ባንቺዓለም አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ጋሽ እንየው ጾመኛ ናቸውና አልነከሱም ቢሉ፣ ክርክሩ ባለቀ ነበር፤ የሽማግሌውም ክብር አብሮ ባለቀ። አልተናገሩም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይ ብለው ብቻ አዘዙ፤ መኪናውም ቆመ።

ዘጠኝ ሲሞላ ጋሽ እንየው አማተቡ፣ ውኃ ቀመሱ፣ ከጆንያው ሆድ አንዲት ፍሬ አስወጥተው ነከሱ። ድምፅ አልተሰማም። እንደ ሊጥ ተላመጠች። ቅጹን አምጣ አሉኝ። አመጣሁ፤ በዕለተ ዓርብ ስፍራም «ደርቋል» የሚለው የሰኞ ምልክቴ አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር። አዩኝና የእኔን ምልክት በመስቀል ሰርዘው በገዛ እጃቸው «አልደረቀም፤ እንየው» ብለው ጻፉ። በፋብሪካው ታሪክ የመጀመሪያው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያም በግቢው መካከል ቆመው ይህን አወጁ፦ «ስሙኝማ። ረቡዕና ዓርብ እኔ አልነክስም፤ ፈጣሪዬን እፈራለሁ። አልነከስኩም እንዳልል ደግሞ እናንተን አፈርኩ። እየዳበስኩ ደርቋል ስል ከረምኩ። ያ የተመለሰው ዱቄት የኔ ጥፋት ነው፣ የማንም አይደለም። ይችን ልጅ ክፉ የሚናገራት ከኔ ጋር ነው። በሉ አሁን የማሞን ጆንያ አውርዱና ፀሐይ ላይ አስጡለት።»

ስንዴው አራት ቀን በሸራ ላይ ተሰጣ፣ ማሞም ራሱ እያኮረፈ በእግሩ ሲያገላብጥ ሰነበተ፣ እርጥበቱ ወደ አሥራ ሦስት ወረደ፣ ተፈጨ፣ ደብረ ታቦር ሄደ። የጋጋሪዎቹ መልስ የመጣው ጥር ፳፭ ቀን ሰኞ ነው፤ ተቀብለናል፣ ጨምሩ ይላል። በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የሁለተኛው ፈረቃ አሥራ ስምንት ሰዎች ሳይጎድሉ በበሩ ገቡ፣ እማማ የሺም አንድ በአንድ መዘገቧቸው።

እነሆ ባንቺዓለም፣ የወገዳ ኩራት፣ የእርጥብ ስንዴ ጠላት፣ የተዘጋ ሣጥን ከፋች፣ የሽማግሌ ገበና ሸፋኝ፤ ክብር ለእርሳቸው ይሁን፣ ስማቸውም ጆንያ በሚሰፋበት ስንዴም በሚፈጭበት ሁሉ ይነሣ። በዚያ ሰኞ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው በግቢው ሲያልፉ፣ ለወረዳ ሹም እንኳ የማይነሡት ጋሽ እንየው፣ በልጅ ልጅ ዕድሜ ላለች ሴት ከበርጩማቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እስክታልፍም ድረስ ቆመው ቆዩ።