የበሽተኞች ቃል አቀባይ

ሰፈር የሚባል ነገር ባለበት ሁሉ፣ በሽተኛን ወክላ ሐኪም ፊት የምትናገር አንዲት ሴት አለች። የኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእኔ ጋር ግድግዳ እንጋራለን። ሰው ሲያስል ከሰማች የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ሁለተኛው ሳል ላይ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በር ላይ ናት። እኔ በልቤ «ክብርት ቃል አቀባይ» ብዬ ሾሜያታለሁ። በአፌ ግን እትዬ ነው የምላት።

ሐኪሙ በሽተኛውን «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ይላል። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ክብርነታቸው ወንበራቸውን ሳብ ያደርጋሉ።

«እሱ ምን ያውቃል ዶክተር ልጄ፤ እኔን ጠይቀኝ!»

ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ለዓይኑ ሄዶ፣ የሆድ ድርቀቱ ተዘርዝሮበት፣ የሆድ መድኃኒት ይዞ ተመልሷል። አናጢው ጥርሱን ሊነቀል አፉን ከፍቶ ተኝቶ ሳለ፣ «ይኼኛው አይደለም፣ ጎኑ ያለው ነው!» ብላ የሐኪሙን እጅ ያዘች። ልክ ነበረች።

ለምን እንደማንከለክላት ልንገራችሁ። ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ ስለ ገላ ማውራት ያሳፍራል። እሷ እፍረታችንን ተሸክማልን ትገባለች።

አምና የባለቤቴ ግራ ባት አበጠ። ሥራዋ ትኬት መቁረጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች። ሦስታችን ክሊኒክ ሄድን።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አላት ሐኪሙ።

«ምን መድኃኒት ታውቃለች! ራሷን ሲያማት እንኳ ተኝታ ነው የምታሳልፈው። እኔን ጠይቀኝ።»

ባለቤቴ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ። የወሊድ መከላከያ እንክብሏ ራስጌያችን መሳቢያ ውስጥ፣ ከማበጠሪያዋ አጠገብ ነበር። እትዬ አታውቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን። መድኃኒት ማለት ለኛ የታመመ ሰው የሚውጠው ነበር። ያኛውን እንደ ጥርስ ብሩሽ ነበር የምናየው።

ጡንቻ ነው ተባለ፤ የሚቀባ ነገር ታዘዘላት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ስንደርስ ሕይወቷ አልፎ ነበር።

የሆስፒታሉ ሐኪም አስቀምጦ አስረዳን። ያ እንክብል አብዛኞቹን ሴቶች ምንም አያደርጋቸውም፤ የጥቂቶቹን ደም ግን ቶሎ እንዲረጋ ያደርገዋል። ባቷ ውስጥ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባዋ ላይ ተቀርቅሯል።

«እንክብል እንደምትወስድ የተናገረ ሰው አልነበረም?» አለ።

እትዬ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ብቻውን ይታከማል። ሰዎች አብረሽን ሂጂ ሲሏት «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። ሰው ቢያስልም የስፌት መኪናዋ አይቆምም። ያን ድምፅ ሳያቋርጥ እየሰሙ መዋል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

እኔ ምድጃ መለኮስ ትቻለሁ። ጥግ ካለው ሱቅ የተጠበሰ ድንች በወረቀት አስጠቅልዬ እገባለሁ፤ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ የኮቴን ኪስ ያረጥባል። ባለፈው ሳምንት ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ግድግዳውን አንኳኳሁ። የስፌት መኪናዋ ቆመ።

ክሊኒክ ስንደርስ ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለካ፤ ፊቱ አላማረኝም። «ቅባት የበዛበት ምግብ ይበላሉ? ቅባት የደም ሥር ያጠብባል፤ ደሙም እንዲረጋ ያግዛል። እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ኧረ ብዙም አልበላም።»

እትዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨብጣለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። እንደዚያ ሆና ማየት አልቻልኩም።

«ዶክተር፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። «እሷን ይጠይቋት።»

ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ በቀስታ ጀመረች። «በሳምንት ስድስት ቀን ድንች ነው ዶክተር ልጄ። ሦስቱን ቀን ባለሱቁ እንቁላል ይጠብስበታል። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ በግድግዳው እሰማለሁ።» አንዱንም አልሳተችም።

«የሚወስዱት መድኃኒትስ አለ?» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። በሽተኛውን ራሱን ስትጠይቅ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

«አለ እንዴ ወንድሜ? መድኃኒት አይደለም የምትለውንም ቢሆን ንገረኝ።»

መሳቢያዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ የሳል ከረሜላው ሳይቀር ቆጥሬ ነገርኳት። እሷም አንድ በአንድ፣ ክንድ ርቀት ላይ ለተቀመጠው ሐኪም አስተላለፈችለት።