እምቢ ያለው የእትዬ ዘነበች ላፕቶፕ

ከኮምፒውተራቸው ምንም ነገር የማያጠፉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ በሙርዋይክ፣ የእነዚህ ሰዎች አለቃ የሆኑ ጎረቤት አሉኝ፤ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ላፕቶፓቸው አዲሱን የሶፍትዌር ማሻሻያ አልጭንም ብሎ ሦስት ሳምንት ቢያምፅባቸው ጠሩኝ። ምርመራዬ አጭር ነበር፤ ሆዱ በሰው ሁሉ የሰርግ፣ የክርስትናና የተዝካር ቪዲዮ ተነፍቷል።

«እትዬ፣ ማሻሻያው ቦታ ይፈልጋል። አንዳንዱን እናጥፋ» አልኳቸው።

«የማንን?»

እኔም እንደ ዳኛ ተኮሳትሬ ትልቁን ፋይል መረጥኩ።

«እሱ ስሎተርቫርት ሰፈር ያወጣነው የእናትህ ተዝካር ነው። ካስቻለህ አጥፋው» አሉኝ።

ላፕቶፑን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ማሻሻያው ዛሬም በየማለዳው ቦታ ልቀቁልኝ ይላል። አንለቅም።