የጋሽ ወልደ ማርያም ምላስ

መንግሥት በየከተማው ላቦራቶሪ ባያዳርስ፣ እግዜር በየሰፈሩ አንድ አንድ ምላስ አዳርሷል። ገበያ መሀል ቅቤ በጥፍሩ ጫር አድርጎ «ሙዝ አለበት» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በቦንጋ ይህ ሹመት የጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሹም፣ የክቡር ጋሽ ወልደ ማርያም ነው።

ተከራያቸው ኑኃሚን የምግብ ናሙና መርማሪ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ናሙና ትበጠብጣለች፣ ታጣራለች፣ ከበድ ያለውን አዲስ አበባ ልካ ሦስት ሳምንት ትጠብቃለች። ጋሽ ወልደ ማርያም ይህን ሲሰሙ አዘኑላት።

«ሦስት ሳምንት? ማሽኑ ምላስ የለውም እንዴ?»

የክቡርነታቸው ምላስ ገድል ብዙ ነው። የዋጫውን ነጋዴ ማር አንድ ጠብታ ቀምሰው «ስኳር አለበት» ብለው አጋልጠውታል፤ ሰውየው እስከ ዛሬ በደጃቸው አያልፍም። የጎረቤት ወተት ቀምሰው «ውኃው ከወንዝ ነው ከቧንቧ?» ብለዋል። ከወንዝ ነበር። ለኑኃሚን በየጠዋቱ የሚልኩላት ወተት ሳይቀር አንድ ጉንጭ ጎድሎ ይመጣል። እሷም ስለ ንጽሕና ሌላውን የምታስተምር ሰው ናትና፣ ፊቷን አዙራ ትደፋዋለች።

ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራ ደረሳቸው። ለጠጁ የሚሆን የጫካ ማር አስመጥተው ከሺሺንዳ ገበያ በገዙት ጀሪካን ሞሉት።

«ጀሪካኑ የምን ነበር?» አለች ኑኃሚን።

«የፀረ አረም። ሰባት ጊዜ በፈላ ውኃና በአመድ አጥቤዋለሁ።»

ኑኃሚን ክው አለች። «ጋሼ! ፕላስቲክ እኮ መርዙን ይመጥጠዋል፤ ቢያጥቡትም መልሶ ይተፋዋል!»

«ንዕማን ሰባት ጊዜ ታጥቦ ከለምጽ ነጽቷል። ጀሪካን ከለምጽ ይብሳል?»

ለምና ለምና ናሙና ወሰደች፤ ውጤቱ ሳይመጣ ጠጁ እንዳይጠነሰስም ቃል አስገባቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ውጤቱ መጣ። ከሚፈቀደው መጠን አርባ እጥፍ! ኑኃሚን ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስድሳ የማኅበር ሰው ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት። ባጃጅ ይዛ በረረች።

ግቢው ውስጥ ጋኑ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ጌሾው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የጋሽ ወልደ ማርያም ባለቤት እትዬ ተሾመች ሰፌድ ይዘዋል።

«ጠነሰሱት?»

«ኧረ አልተነካም። ቃል ሰጥተውሽ የለ?»

እፎይ ብላ ጀሪካኑን ብታየው ግን ጎድሏል።

«ማን በላው?»

«እሳቸው ናቸዋ፣ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ። ዱሮም እንዲህ ናቸው። ‹የሚጎዳ ከሆነ እኔን ያስቀድም› እያሉ ነው ልጆቻችንን ያሳደጉት። ያንቺን ወተት ሳይቀምሱ ልከው ያውቃሉ?»

ኑኃሚን ሁለት ዓመት ሙሉ የደፋችው ወተት ትዝ አላት።

ጋሽ ወልደ ማርያም ከጓዳ ወጡ፤ የውጤቱን ወረቀት ከእጇ ተቀብለው ቁጥሩን አነበቡ።

«ምንም አላለኝም» አሉ። «ምላሴ ምንም አላለኝም!»

«ይነሱ፣ ሐኪም ቤት!» ብላ በዚያው ባጃጅ ጫነቻቸው። ሐኪሙ መርምሮ፣ ክፉ ነገር አላየሁም፣ ግን እየተመላለሱ ይታዩ አለ።

አሁን በየገበያው ሚስማር ይዘው ይዞራሉ፤ ባዶ የኬሚካል ጀሪካን ሲሸጥ ካዩ ገዝተው እዚያው ይበሱታል። «ምላሴ ጡረታ ወጥቷል» ይላሉ።

ወተቱ ግን ዛሬም አንድ ጉንጭ ጎድሎ ይመጣል። መርማሪዋ ኑኃሚን ጥርግ አድርጋ ትጠጣዋለች።