ጋሽ አሻግሬ ያልተጣሉትን ሲያስታርቁ

ከተማ ያለ መብራት ሊያድር ይችላል፤ ያለ አስታራቂ ግን አያድርም። መካነ ሰላምም በስሟ ሰላም ያለባት ከተማ ብትሆንም፣ ጋሽ አሻግሬ ነገሩን ለስም ብቻ የሚተዉ ሰው አልነበሩም።

ከግብርና ቢሮ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውለው የሚገቡት ጠብ ሲፈልጉ ነው፤ ለመጣላት ሳይሆን ለማብረድ። ሁለት ሰዎች ጮክ ብለው ስለ ዝናብ ሲያወሩ ከሰሙ መሀል ይገባሉ። ባልና ሚስት ገበያ ሲሄዱ አንዱ ሁለት እርምጃ ከቀደመ «ምን ተፈጠረ?» ይላሉ። «ነገር በእንጭጩ ነው» የሚሏት አባባል አለቻቸው። ክፋቱ፣ ገና ያላበበውንም ይቀጥፋሉ።

ሀናን ይህን ሁሉ ሰው ላይ ሲደርስ እያየች ትስቅ ነበር፤ እሷ ላይ እስኪደርስ።

ሀናንና ሞላ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሥራ በጋራ ተከራይተዋል። እሷ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የደንበኛ ስልክ ላይ መንዙማና ዘፈን ትጭናለች፤ እሱ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ኮምፒውተራቸው ሁለት፣ ስፒከራቸው አንድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሞልዬ፣ እስቲ ንቀልልኝ»፣ «እንኪ» እየተባባሉ ገመዱን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዛውሩ ጠብ የሚባል አላወቁም።

አንድ ጧት ጋሽ አሻግሬ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ሲገቡ «ንቀለው» የሚል ቃል ሰሙ።

«ልጄ፣ ምን አጣላችሁ?»

«ኧረ ምንም ጋሼ። ስፒከሩን ልሰካ ብዬ ነው።»

«አብሽሪ፤ የተጣላ ሰው ሁሉ አልተጣላሁም ነው የሚለው» አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እስከ ምሳ ዳኙ። ሰባት አንቀጽ ያለውን ውል የጻፈችው ተከሳሿ ራሷ ሀናን ናት። ስፒከሩ እስከ ስድስት ሰዓት የሷ፣ ከዚያ በኋላ የሞላ። ክቡር አስታራቂው ፈርመው፣ አስፈርመው፣ ግድግዳ ላይ አስለጠፉት።

ጠቡ የተጀመረው ያን ቀን ነው። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ሞላ ጉሮሮውን መጥረግ ያዘ። ሀናንም አምስት ደቂቃ ሲቀራት ረጅሙን መንዙማ መርጣ መክፈት ለመደች። አንድ ማክሰኞ ጧት ከአቀስታ የመጡ ባልና ሚስት የልጃቸውን ሰርግ ሊያዩ ሞላ ዘንድ ተቀመጡ። ሞላ ወደ ገመዱ እጁን ሲዘረጋ፣

«ገና አራት ሰዓት ነው» አለች ሀናን። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

ወላጆቹ ጭፈራውንም እልልታውንም ያለ ድምፅ አይተው ሄዱ። ሞላ ቃል አልተነፈሰም፤ በማግስቱም፣ በሠልስቱም። ሀናን ዝምታው ከበዳት። ይቅርታ ልትለው ታስብና ቀና ስትል ውሉ ለእሷ ይፈርድላታል፤ ሰው ደግሞ ሕግ ከጎኑ ሲቆም ይቅርታ መጠየቅ ያቅተዋል።

ጋሽ አሻግሬ በሦስተኛው ቀን ገብተው ሁለቱን አዩ። ምንም አልጠየቁም። ውሉን ከግድግዳው ልጠው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከደሴ ሚኒባስ ሲወርዱ፣ ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ አጭር ገመድ ይዘው ነበር።

«ሁለት ኮምፒውተር ካንድ ስፒከር ጋር የምታገናኝ ናት አሉኝ» ብለው ለሞላ ሰጡት። «የጠፋው ለካ ሽማግሌ አይደለም፤ ገመድ ነው።»

ሞላ ሰካት። የሀናን መንዙማና የአቀስታው እልልታ ባንድ ላይ ፈነዱ። ሞላ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ሀናንም ተከተለችው።

«ለማክሰኞው አፉ በለኝ» አለችው ሳቋ ሳያባራ።

«አፉ ብያለሁ።»

ከዚያ ወዲህ አንዱ ከመክፈቱ በፊት ሌላውን «ልክፈት?» ማለት ግድ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ሲጠያየቁ ይውላሉ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ አሻግሬ በር ላይ ቆመው «ሰላም ናችሁ?» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነን» ስትላቸው ሀናን ፊታቸው ጠውለግ ሲል አየች። ሞላም አየ።

«ከመስኮቱ በቀር» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ይበርደኛል፤ ሞላ ግን ካልተከፈተ ይላል።»

«እታፈናለሁ» አለ ሞላ፣ ስለ መስኮት አንድም ቀን አስቦ የማያውቀው።

ጋሽ አሻግሬ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ በአራት ሚስማር የተመታ ነው፤ ተከፍቶ አያውቅም። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩ። ዞረው ሁለቱንም አዩአቸው። ከዚያ በርጩማውን ስበው ተቀመጡ።

«ከባድ ጉዳይ ነው» አሉ። «በይ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»