የእትዬ አየለች መስኮት

ሰው ሲያረጅ ጡረታ ይወጣል፤ ቤት ሲያረጅ ግን፣ ዕድሉ ከከፋ፣ ቅርስ ይሆናል። ጡረተኛ ቢያንስ የታመመ ጥርሱን ሲፈልግ ያስነቅላል፣ አቅሙ ከፈቀደም ያስተክላል። ቅርስ የሆነ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ነፋስ የገነጠለበትን ቆርቆሮ ለማስመታት እንኳ ደጅ መጥናት አለበት። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ፣ ከነቤቴ ቅርስ ሆኜ ኖሬአለሁ።

በጣሊያን ጊዜ የተሠሩ፣ የእንጨት በረንዳ ያላቸው የጡብ ቤቶች ናቸው። ከትርፍ ቤት አዋጁ በኋላ ቀበሌ ወርሷቸው እያንዳንዱን ቤት ለሁለት ለሦስት ቤተሰብ ከፋፈለው። ለእኔ በረንዳ ያለው ወገን ደረሰኝ። ለጎረቤቶቼ ለጋሽ ደምሴና ለባለቤታቸው ለእትዬ አየለች ደግሞ ጣሊያኑ ዕቃ ያከማችበት የነበረው ክፍል ደረሳቸው። በሩ ወደ ጓሮ ነው፤ በመንገድ በኩል ግድግዳ ብቻ። መስኮት የለውም። ጣሊያኑ ጆንያ አየር ያስፈልገዋል ብሎ አላሰበም።

ይህን ሁሉ ዓመት ለእትዬ አየለች ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ምክንያቱም ቤት አይውሉም ነበር። ገበያ መሐል በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ፣ ናዝሬትን ከነዘር ማንዘሯ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ኋላ ግን አንድ ጎናቸው ከዳቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። የናዝሬትን የግንቦት ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሐኪሙ "አየር ያግኙ" አለ። ጋሽ ደምሴ በዚያው ሳምንት ግድግዳውን ቀድደው መስኮት ሊያወጡ አሰቡ።

በዚያው ሳምንት ነዋ ቅርስ የሆንነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ መርዕድ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አጠገቡ አስቀምጦ ስብሰባ ላይ አበሰረን፤ ሰፈራችን ጥብቅ ሰፈር ሆኗል፣ በመንገድ በኩል ያለ ግድግዳ፣ በርና በረንዳ ያለ ፈቃድ አይነካም። አጨበጨብን። ያን ጊዜ መጀመሪያ ይጨበጨባል፤ ምን እንደተባለ የሚጣራው ወደ ቤት ሲኬድ ነው።

ጋሽ ደምሴ ፈቃድ ሊጠይቁ ሄዱ። ቀበሌ ወደ ማዘጋጃ ቤት ላካቸው፣ ማዘጋጃ ቤት ባለሙያው ይወስን አለ፣ ባለሙያው ደግሞ ለትምህርት ቡልጋሪያ ሄዷል ተባለ። ሲመለሱ እትዬ አየለች ከአልጋቸው ሆነው ይጠይቃሉ፤

"ምን አሉህ?"

"ይታያል አሉኝ።"

"ለእነሱ ይታያቸዋላ። የማይታየኝ እኔ ነኝ።"

እትዬ አየለች መንገደኛውን በድምፁ ለመለየት ይሞክሩ ነበር። አንዳንዴ ተሳስተው የማያውቁትን ሰው በስም ጠርተው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ያን ቀን ብዙ አይናገሩም። ጋሽ ደምሴም በካርቶን ቁራጭ ሲያራግቡላቸው ይውላሉ።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ሌላ መመሪያ ወረደ። በመንገድ ዳር ያለ ግድግዳና አጥር ሁሉ ኖራ ይቀባ። ጋሽ ደምሴ እኔን አስከትለው ወደ ጓድ መርዕድ ሄዱ።

"አንዱ መመሪያ አትንኩ ይላል፣ አንዱ ቀቡ ይላል። የትኛውን ላክብር?"

ጓድ መርዕድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር እንጂ። ግራ ቀኙን አየና "ሁለቱንም ያክብሩ" አላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ደምሴ "ኖራ ሲቀባ ሸራ ይወጠራል አይደል?" አሉኝ። ገባኝ። ከሸራው ጀርባ የመንግሥት ቤት ግድግዳ ማፍረስ አሻጥር ሊያሰኝ እንደሚችል፣ አሻጥረኛ የተባለ ሰውም ቶሎ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ሸራውን ግን አብሬ ወጠርኩ። አናጢው ገመቹ "አካም ቡልታኒ" ብሎ እንዴት አደራችሁ እያለ ማልዶ ገባ። ጣውላ በከተማው ስላልነበረ የእትዬ አየለች የሠርግ ቁም ሳጥን ሁለት መዝጊያዎች ተነቀሉና የመስኮት መዝጊያ ሆኑ። ይነቀሉ ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ጡቡ ወርዶ መዝጊያዎቹ ሳይገጠሙ ጓድ መርዕድ የኖራውን ሥራ ሊቆጣጠር ደረሰ። ማንም ሳያስቆመው የሸራውን ጫፍ ገለጠ። ቀዳዳው ውስጥ እትዬ አየለች በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ እስር ቤት ምን ልብስ እንደሚያስፈልገኝ ማሰብ ጀምሬአለሁ።

"መርዕድ፣ አንተ ነህ? ምነው እንዲህ ከሳህ?" አሉ እትዬ አየለች። "ድምፅህ እኮ የወፍራም ሰው ነው።"

ጓድ መርዕድ ሸራውን ቀስ ብሎ ለቀቀና ወደ እኛ ዞሮ "ኖራው በደንብ ሳይደርቅ ሸራው እንዳይነሳ" አለ። ሄደ።

በዓሉ አለፈ፤ በነጭ ግድግዳ ላይ ቡናማ መስኮት ያየ አላፊ አግዳሚ ሁሉ እየቆመ ከእትዬ አየለች ጋር ያወጋ ጀመር። ከብዙ ወራት በኋላ አዲስ ባለሙያ መጣ። ቤቶቹን አንድ በአንድ እያየ የእኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። መዝጊያዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። ጓድ መርዕድ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

"ከሰፈሩ ሁሉ ያልተበረዘ የጣሊያን ጊዜ መስኮት ይሄ ብቻ ነው" አለ ባለሙያው። "እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ከየት ይገኛል? በፍጹም እንዳይነካ። መጋረጃ እንኳ ምስማር ስለሚፈልግ አይሰቀልበትም።"

ጓድ መርዕድ "በጥብቅ እንከታተላለን" አለ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለምዶብኝ ነው።

እንግዲህ ያ መስኮት ምዕራብ ያያል፤ የከሰዓት ፀሐይ ቀጥታ አልጋው ላይ ትወርዳለች፤ መዝጊያው ቢዘጋ ደግሞ አየሩም ወሬውም ይቀራል። ጋሽ ደምሴ ለመጋረጃው ፈቃድ ሊጠይቁ ኮታቸውን ሲያነሱ እትዬ አየለች ከውስጥ ተቆጡ።

"ኮትህን አስቀምጥ። ጃንጥላውን ይዘህ እዚያ ቁምልኝ።"

ቆሙ። ከዚያ በኋላ በየከሰዓቱ፣ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ፣ ጋሽ ደምሴ መስኮቱ ሥር ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ከሚስታቸው ጋር ሲጫወቱ ይታዩ ነበር። ባል በቅርስ ቤት ላይ የተደረገ ለውጥ ስለ መሆን አለመሆኑ የወረደ መመሪያ አልነበረም።