ለፈቃድ የሞተው አጎቴ

እናንተ ለእረፍት ብላችሁ ዘመድ ገድላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገድያለሁ፣ ያውም ደህና አጎት። ምን ላድርግ? ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ የምሰፋበት ፋብሪካ ለሞተ ዘመድ ፈቃድ ይሰጣል፣ ለታመመ አይሰጥም። እማዬ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት፣ «ላስታምማት» ብዬ አለቃዬን ለመንኩት።

«አንተ ሐኪም ነህ?» አለኝ።

እኔም ስምንተኛ ላይ ባቋረጠ ጭንቅላቴ አሰብኩና፣ ሆሳዕና ያለውን የእማዬን ወንድም ገደልኩት። ማን እዚያ ድረስ ሄዶ ያየዋል? ፈቃዱ ወዲያው ተሰጠኝ።

ብልጥ ነኝ አይደል? የፋብሪካችን ሰው ለቅሶ ሳይደርስ እንደማይቀር ረሳሁ። አጎቴም እህቱ ታማ ቤቱ እንደማይቀመጥ ረሳሁ። በማግስቱ አለቃዬ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሠራተኛውን አስከትሎ ላፍቶ ቤታችን ሲመጣ፣ በሩን የከፈተለት ሟቹ ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ አጎቴ።

«የሆሳዕናው አጎቱ ናቸዋ።»

«የሆሳዕናውማ እኔ ነኝ።»

መሬት ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። አለቃዬ እኔን አየ፣ አልጋ ላይ የተኛችውን እማዬን አየ።

«እንግዲህ እርስዎ ካሉላት እሱ ነገ ሥራ ይግባ» አለ።

አጎቴ ቀስ ብሎ ከእማዬ ራስጌ ተቀመጠ።

«ጌታዬ፣ የሞተ ሰው ያስታምማል እንዴ?»